ሥዕሎቻችንን በአገር አንከፋፍላቸው

ትምህርት ቤታችን በዚህ የትምህርት ዘመን መጨረሻ ላይ የተማሪዎች የጋራ የሥዕል ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት ማሰቡ ይታወቃል። ርዕሱም «መስቀለኛ መንገድ» እንዲሆን ተወስኗል። ርዕሱ ሲመረጥ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው ሥዕሎቹ እንዴት ይሰቀሉ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው። ከወላጆች መካከል አንዳንዶች «የሐበሻ ልጆች ሥዕል ለብቻው፣ የሶማሌዎቹ ለብቻው፣ የየመኖቹም ለብቻው ይሁን፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ግድግዳ ይያዝ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎች ደግሞ «ልጆቹ ጦርነትና ጀልባ እንዳይሥሉ ይነገራቸው፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ይሣሉ» አሉ። ከዚህም አልፎ «ፈረንሳይኛና ሒሳብ እያለ በቀለም መጫወት ለምን አስፈለገ?» ያሉ ነበሩ።

ሦስቱም ሐሳቦች ከክፋት የመጡ አይደሉም። የመጀመሪያው ማንነታችን እንዳይጠፋ ከመፍራት፣ ሁለተኛው ለልጆች ከማዘን፣ ሦስተኛው ደግሞ ለነገ ኑሯቸው ከማሰብ የመነጨ ነው። እኔም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ የተሰደድኩ የበጎ ፈቃድ መምህር ነኝ እንጂ የሥዕል ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ከልጆቹ ጋር ስለምውል ጉዳዩን በቅርብ አየዋለሁ፤ በሦስቱም ሐሳቦች አልስማማም። ምክንያቴን ልዘርዝር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

መንታ መንገድ ወይስ መስቀለኛ መንገድ?

በመጀመሪያ የኤግዚቢሽኑን ርዕስ ልብ እንበል። በአማርኛ «መንታ መንገድ» እና «መስቀለኛ መንገድ» አንድ አይደሉም። መንታ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ጥያቄው «በየትኛው ልሂድ?» የሚል ነው። ዓይኑ ሩቅ ሩቁን ያያል። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን ሌላም ጥያቄ አለው። «ይህ ከወዲያ በኩል የመጣው ማን ነው? ምንስ ይዞ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል።

እኛ ስደተኞች ጅቡቲን የምናያት አብዛኛውን ጊዜ እንደ መንታ መንገድ ነው። ባሕሩን ልሻገር ወይስ ልመለስ? ፕሮሰስ ልጠብቅ ወይስ ከተማ ገብቼ ሥራ ልፈልግ? ጥያቄው ከባድ ነውና ማንም ሊወቅሰን አይችልም። ነገር ግን ዓይናችን ሁልጊዜ ሩቅ ሲያይ አጠገባችን የቆመውን ሰው ሳናውቀው ዓመታት ያልፋሉ። ልጆቻችንም ይህንኑ ከእኛ ይማራሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በእረፍት ሰዓት በየአገራቸው ተቧድነው ይቆማሉ። በውኃ ወረፋ ላይ ጠብ ሲነሣም የሚሰለፉት በዚያው በየአገራቸው ነው።

ይህ ከተማ ግን ከመሠረቱ መስቀለኛ መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ሐዲድ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ወረደ፤ ጨርቅ፣ ብረትና መጽሐፍ ወደ ደጋው ወጣ። አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ኢትዮጵያዊውና ፈረንሳዊው በአንድ ወደብ ተገናኙ። የከተማው ዋና አደባባይ በይፋ የ1977 ሰኔ 27 አደባባይ ተብሎ በነፃነት ቀን ቢሰየምም ሕዝቡ «ምኒልክ» እያለ መጥራቱን አልተወም። የመንግሥት ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በየቤቱ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራል፤ ገበያ ሲወጣ ደግሞ አማርኛም ይሰማል። አሮጌው ባቡር ቆሞ ከ2016 ወዲህ በኤሌክትሪክ ባቡር ቢተካም የከተማው ጠባይ ያው ነው። ልጆቻችን እየኖሩበት ያለውን ከተማ ሊያሳይ የሚገባው ኤግዚቢሽን እንዴት በግድግዳ የተለያየ ይሆናል?

በ2003 በዋሽንግተን የተደረገው

ስለ ጉዳዩ ሳስብ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይታወሰኛል። በ2003 በሜይ ወር በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን ሥር በሚተዳደረው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከአገር ውጭ የሚኖሩ የአሥር ኢትዮጵያውያን የጋራ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ርዕሱን በአማርኛ «ኢትዮጵያዊ መተላለፊያዎች» ልንለው እንችላለን። ተሳታፊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያን፣ ከበደች ተክለአብ፣ ወሰኔ ኮስሮፍ፣ አቻምየለህ ደበላ፣ ኤልሳቤጥ አጥናፉ፣ ኤልሳቤጥ ሀብተወልድ፣ ጁሊ ምሕረቱ፣ አይዳ ሙሉነህ፣ ሚካኤል ቤተ ሥላሴ እና እትዬ ዲማ ፖልሰን ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የመጡበትን መንገድ እንመልከት። እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በአባቱ በኩል የአርመን ዘር ነበረው። ለንደንና ፓሪስ ተማረ፤ በ1966 አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆነ። ሚካኤል ቤተ ሥላሴ የዚህችው የእኛ ባቡር ከተማ የድሬዳዋ ልጅ ሲሆን ኑሮውን በፓሪስ አደረገ። አይዳ ሙሉነህ አዲስ አበባ ተወልዳ ልጅነቷን ያሳለፈችው በየመንና በቆጵሮስ ነው፤ ቀጥሎም ካናዳ ገባች። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ ገና በልጅነቷ፣ በ1977፣ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። እትዬ ዲማ ፖልሰን በአርሲ ተወልዳ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በዴንማርክ አድጋ በቤልጂየም ኖረች።

አሁን ወላጆችን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሙዚየሙ ሥራዎቹን አርቲስቶቹ ባደጉባቸው አገሮች ከፋፍሎ ይስቀል ቢል ኖሮ የእትዬን ሥራ የት ያደርገው ነበር? በኢትዮጵያ ግድግዳ? በኬንያ? በዴንማርክ? የእስክንድርንስ? ይህ ጥያቄ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በትምህርት ቤታችን እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ የመናዊ የሆነች ልጅ ብትኖር የትኛው ግድግዳ ይሰጣታል? ጅቡቲ ተወልዶ የወላጆቹን አገር አይቶ የማያውቀውን ልጅስ ወዴት እንበለው? በአገር መክፈል ቀላል የሚመስለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ልጆቹ ፊታችን ሲቆሙ ግን ከአንድ ግድግዳ በላይ የሚገባቸው ብዙ ናቸው።

አንድ አስተዋይ ሰው «እነዚያም ቢሆን በኢትዮጵያ ስም አይደለም እንዴ የተሰበሰቡት?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ነገር ግን የአገር ስም ለእነሱ የመግቢያ በር ነበር እንጂ የውስጥ ክፍልፋይ አልነበረም። በሩን ካለፉ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ቀረበ። ወሰኔ የግዕዝ ፊደላትን እያጣመመ፣ እየዘረጋ፣ እያስጨፈረ ይሥላል። ሚካኤል ከወረቀት ቡኮ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ሐውልቶች ይሠራ ነበር። እትዬ ከሸክላ ቀጫጭንና ረጃጅም የሰው ቅርጾች ትሠራለች። አቻምየለህ ኮምፒዩተርን ለሥዕል ሥራ ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ ነው። የአይዳ መሣሪያ የፎቶግራፍ ካሜራ ነው። ጁሊ ደግሞ የከተማ ካርታና የሕንፃ ፕላን አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበች በላዩ ላይ በቀለምና በመስመር ትሞላዋለች። «ሁላችሁም ጎጆና ጀበና ሣሉ» ያላቸው ሰው አልነበረም። በእኛ በኩል ደግሞ የመግቢያው በር የትምህርት ቤታችን ስም ነው። በዚያ በር የገባ ልጅ ሁሉ የእኛ ተማሪ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከአሥሩ መካከል ጥቂት የማይባሉት ያለፉት በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ በ1867 የተመሠረተ፣ በተለይ ለጥቁር አሜሪካውያን በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት ነው። እስክንድር ያስተማረው፣ ወሰኔ ከእሱ ሥር የተማረው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ የጠልሰም ክታብና የአፍሪካ አሜሪካውያን የሥነ ጥበብ ሐሳብ የተገናኙት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሐሳብ የሚገናኘው ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ነው።

እስክንድር ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ሜይ 4 ቀን 2003፣ በዋሽንግተን አረፈ።

ከካምፕ የወጣች እጅ

ከእነዚህ አሥር ሰዎች መካከል ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ከበደች ተክለአብ ትመስለኛለች። ከበደች በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። ከአገር ለመውጣት ስትሞክር በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወደቀች። ዘመኑ በ1977 እና በ1978 የሁለቱ አገሮች መንግሥታት በኦጋዴን ከተዋጉ በኋላ ነበር። አሥር ዓመት ያህል በሶማሊያ የእስረኞች ካምፕ ውስጥ ቆየች። ከዚያ ወጥታ አሜሪካ ገባች፤ ያቋረጠችውን የሥዕል ትምህርት በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቀጥላ ጨረሰች።

ይህን የምጽፈው የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ጦርነቱ የመንግሥታት ጦርነት ነበር። ዛሬ አጠገባችን ያሉት ሶማሌዎችም እንደ እኛው ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ይህች ሴት ከዚያ ሁሉ በኋላ ምን እንደሠራች ለማሳየት ነው። ከሥራዎቿ አንዱ ስለ ሩዋንዳ እልቂት የሣለችው ሥዕል ነው። አሥር ዓመት የራሷን መከራ ያየች ሰው የሌላ ሕዝብ መከራ ታያት። «የእኔ ይበቃኛል» አላለችም።

በ2001 ደግሞ እስክንድርና ከበደች በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሥራ አብረው ሠሩ። ሥራው ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 3 ሜትር ከ65፣ ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ይጠጋል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ኔክሰስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ መገጣጠሚያ፣ መቆራኛ እንደ ማለት ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድና የባህላዊ እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ዕፀዋትና እንስሳት ተያይዘው ይገኛሉ። ልብ በሉ፤ የክርስቲያኑ ለብቻው፣ የእስላሙ ለብቻው ተብሎ ሁለት ግድግዳ አልተሠራም። ምልክቶቹም ቀልጠው አንድ አልሆኑም። እያንዳንዱ ራሱን ሆኖ ከጎኑ ካለው ጋር ተያይዟል። የተማሪዎቻችን ግድግዳ ከካርቶን ይሁን እንጂ ሐሳቡ ይኸው ቢሆን እወዳለሁ።

«ማንነታችን ይጠፋል» ለሚሉ

አንዳንድ ወላጆች «እኛ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ የልጆቻችን ሥራ ከብዙዎቹ ጋር ሲደባለቅ ይዋጣል» ይላሉ። ይህን ስጋት አልንቀውም። ጥቂቶች በብዙዎች መካከል ሲኖሩ ቋንቋቸውና ፊደላቸው ሊረሳ ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ መለየት አይደለም። ወሰኔ በአሜሪካ ሲኖር ፊደላችንን በራሳችን ግድግዳ ላይ ብቻ አልሰቀለውም፤ ለዓለም ፊት አወጣው። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቆሞ አየው። የእኛ ልጅ የጻፈችው «ሀ» የየመኗ ልጅ ከጻፈችው «አሊፍ» ጎን ቢሰቀል «ሀ» አይጠፋም። እንዲያውም ሁለቱ ልጆች ያን ቀን የየአንዳቸውን ፊደል ስም ይጠያየቃሉ።

የራሳችንንም ታሪክ አንርሳ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አያቶቻችን እስከ 1974 ድረስ ቀጥ ብለው ቆመው ያከበሩት ዜማ ከስደተኞች ጋር የመጣ ሰው ዜማ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያነቷ ጎደለ? አልጎደለም። እኛ ዛሬ እንግዶች ነን፤ ትናንት አስተናጋጆች ነበርን። የሁለቱንም ወገን ስሜት ልናውቅ ይገባናል።

ስለ ጀልባና ስለ ጦርነት ሥዕል

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እናቶች «ልጄ ያየውን እንዲረሳ እየጸለይኩ እናንተ ሣል ትሉታላችሁ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ማንም መምህር ልጅን «ያየኸውን መከራ ሣል» ብሎ ማዘዝ የለበትም። ይህ ግፍ ነው። ነገር ግን በራሱ ፈቃድ ጀልባ የሣለን ልጅ «ይህን ደምስስና አበባ ሣል» ማለትም ሌላ ግፍ ነው። ልጁ ከዚያ የሚማረው «የእኔ ነገር አይነገርም» የሚለውን ብቻ ነው።

ጀልባው ደግሞ ከአሳብ የመጣ ነገር አይደለም። በኤፕሪል ወር 2024 ብቻ በዚህ አገር ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ጎዶሪያ አጠገብ፣ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በየተራ ሰጥመው ብዙ ሰው አልቋል። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። ይህን ወሬ ትልልቆቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ ልጆቹ አልሰሙም ብለን ራሳችንን አናታልል። ሰምተዋል። ጥያቄው በልባቸው ብቻቸውን ይያዙት ወይስ በወረቀት ላይ አውርደው ከሌላው ጋር ይዩት ነው። የአበው አነጋገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ሕፃን ልጅ ብቻውን የተሸከመውን ነገር እኛ ቆመን ካየንለት ሸክሙ ይቀልለታል።

ስለዚህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። አይታዘዙም፤ አይከለከሉም። እንደዚህ ያለ ሥዕል የሣለ ልጅ ይሰቀል ወይስ ይቅር የሚለውን ራሱና ወላጁ ይወስኑ። ቢሰቀልም ስሙ አይጻፍበት። እንግዳም ሆነ መምህር ልጁን ሰው ፊት አቁሞ «ይህ ምንድን ነው? ማን ሞተብህ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ይከልከል።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለሚሉ

ሦስተኛውን ክርክር የሚያነሡ ወላጆች እውነት አላቸው። ሥዕል ፕሮሰስ አያፋጥንም፤ ራሽን አይጨምርም። ከልጆቻችን መካከል እንደ ጁሊ ምሕረቱ ዓለም የሚያውቃት ሠዓሊ ትወጣለች ብዬ ቃል አልገባም። የፈረንሳይኛንና የሒሳብን ክፍለ ጊዜ የሚሻማ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔም እቃወመው ነበር። የተጠየቀው ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለስድስት ሳምንት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

በእነዚህ አሥራ ሁለት ሰዓታት ልጅ ምን ይማራል? አንድን ነገር አተኩሮ ማየት ይማራል። መለካት ይማራል፤ የሰው ጭንቅላት ከቁመቱ ስንተኛ እጅ እንደሆነ ለማወቅ ክፍልፋይ ያስፈልጋል። ሰፌድ የሚሥል ልጅ ክብን እኩል ለመክፈል ማዕዘን ማስላት ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ግን የጀመረውን መጨረስ ይማራል። ስደት ነገርን በእንጥልጥል የመተው ልማድ ያስተምራል። ዛሬ እንሄዳለን፣ ነገ እንነሣለን እየተባለ ደብተሩ ከግማሹ ይቀራል። ልጅ ጀምሮ የጨረሰውና ሰው ቆሞ ያየለት አንድ ነገር ቢኖረው ትልቅ ሀብት ነው።

ወጪውም ቢሆን አያስፈራ። የራሽን ካርቶን ተቀድዶ ሲዘረጋ ጥሩ መሣያ ይሆናል። ከሰል ጥቁር ነው፤ የቡና አተላ ቡናማ ነው፤ እርድ ቢጫ ነው። ዱቄት በውኃ ተፈልቶ ሙጫ ይሆናል። ሚካኤል ቤተ ሥላሴ ሐውልቶቹን የሠራበት ወረቀት እኛ በየቀኑ የምንጥለው ዓይነት ወረቀት ነው።

እንዴት ይሰቀል?

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብኝ ለስብሰባው የማቀርባቸውን ሐሳቦች እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ሥዕሎቹ በአገር ሳይሆን በነገር ይሰብሰቡ። ለምሳሌ «ውኃ» የሚል አንድ ጥግ ይኑር። የአንዷ ጣና፣ የአንዱ የኤደን ወደብ፣ የሌላው ቢጫ ጀሪካንና የቦኖ ወረፋ እዚያ ጎን ለጎን ይሰቀሉ። «መንገድ»፣ «እናት»፣ «ገበያ»፣ «ሌሊት» የሚሉ ጥጎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ተመልካቹ የተለያዩ ልጆች አንድን ነገር እንዴት እንዳዩት የሚያውቀው እንዲህ ሲሆን ነው። «መስቀለኛ መንገድ» የሚለው ርዕስም ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሥዕሉን ርዕስ በራሱ ቋንቋና ፊደል ይጻፍ፤ ከሥሩ በፈረንሳይኛ ይተርጎም። የጥቂቶች ቋንቋ እንዳይዋጥ ለሚሰጉ ወላጆች መልሱ ይህ ይመስለኛል። ትርጉሙን ልጆቹ ተጋግዘው ቢሠሩት ለፈረንሳይኛ ትምህርታቸውም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ መሸለም ይቅር። ሽልማት ካለ በማግሥቱ «የእነ እገሌ አገር አሸነፈ» መባሉ አይቀርም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ማስታወሻ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ወላጆች ተመልካች ብቻ አይሁኑ። ከእናቶቻችን መካከል ጥለት የሚያውቁ፣ ሙዳይና ሰፌድ የሚሰፉ አሉ። ከአፋርና ከሶማሌ እናቶች መካከል ሰሌን የሚሠሩ አሉ። በየሳምንቱ አንዲት እናት መጥታ እጇ የሚያውቀውን ለሁሉም ልጆች ብታሳይ ትምህርት ቤቱ በገንዘብ የማይገዛው አስተማሪ አገኘ ማለት ነው። ለአማራዋ ልጅ የሶማሌዋ እናት፣ ለሶማሌው ልጅ የጎጃሟ እናት ብታስተምር ደግሞ ከሥዕሉ የበለጠው ትርፍ ይህ ነው።

ውድ ወላጆች፣ የዚህ ከተማ ቆይታችን ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት እንደሚሆን በእጃችን አይደለም። አንዳንዶቻችን እንመለሳለን፤ አንዳንዶቻችን ባሕር እንሻገራለን፤ አንዳንዶቻችንም እዚሁ እንቀራለን። ልጆቻችን ግን ወዴትም ቢሄዱ ከሌላ አገር ሰው ጋር መኖራቸው አይቀርም። ያንን መልመድ የሚችሉበት ቦታ ዛሬ ካለ በዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ኤግዚቢሽኑ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ልጆቹ ግን ግድግዳውን ለሁለት ከፍለን ከሰቀልን መከፈሉን፣ አብረን ከሰቀልን አብሮ መሆኑን ይዘው ይሄዳሉ።

ተማሪዎችም የራሳችሁ ድርሻ አለባችሁ። ከአሁን ጀምሮ ካርቶን ሰብስቡ፤ ከሰሉን አስቀምጡ። ከሌላ አገር የመጣ የክፍል ጓደኛችሁን «አንተ ስለ መንገድ ምን ልትሥል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከእናንተ ሐሳብ ጋር የሚገጥም ከሆነ ሥዕሎቻችሁ ጎን ለጎን እንዲሰቀሉ ራሳችሁ ጠይቁ።

ወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔን ሐሳብ የማይቀበል ሰው ካለ በዚሁ መጽሔት መልስ ቢጽፍ ደስ ይለኛል። ቸር ይግጠመን።

አንድ በጎ ፈቃደኛ መምህር
ጅቡቲ ከተማ